«ማንም የለኝም» ያልኩ ዕለት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባጃጅ ወደ ሸዋ ሮቢት ገና መግባቷ ነበር፤ ሕፃናት ከኋላዋ እየሮጡ ይሸኟት ነበር። ሻይ በአንድ ብር እንጠጣ ነበር። ሽንኩርት ከመብዛቱ የተነሳ ገዢ አጥቶ በደሴ መንገድ ዳር በኩንታል ተደርድሮ የዋለበት ዓመት ነው። እንዲህ ካልኩ የኛ አገር ሰው ይገባዋል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ለይቼ ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ በትምህርት ላይ የጨመርኩት ብዙ የለም። ይኸንንም የምጽፈው በዝግታ ነው፤ አንድ መስመር ጽፌ አረፍ እላለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ተመልሼ አየዋለሁ። ስለዚህ ነገሩ ወዲያና ወዲህ ቢል አንባቢ ይታገሰኝ።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ዙሁር ሰግጄ በሮቢ ወንዝ ዳር ሳልፍ የአንድ ጎረቤቴ የውሃ ሞተር ቆሞበት፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ልጅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስትፈታው አገኘሁ። ናፍጣ በጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ የሚያወጣውን ሽታ እንደኔ በሞተር ጥገና ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሄድም። ልጅቷ አላወቀችኝም። አባባ፣ ጭሱ እንዳያፍንዎት ወዲያ ይበሉ አለችኝ። እሺ ብዬ ከፓፓያው ጥላ ሥር ሆኜ አየኋት። ሞተሩ ከተነሳላት በኋላ ዕቃዋን ሰብስባ አልሄደችም። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ድምፁን ለትንሽ ጊዜ አዳመጠች፣ አንድ ቡሎን ጠበቅ አደረገች፣ እንደገና አዳመጠች። ይኼ ማዳመጥ በኛ ከተማ ሊቀር አንድ ሐሙስ ብቻ ቀርቶት እንደነበር ልጅቷ አታውቅም። ከየት ታውቃለች?

የኔ የሥራ ቦታ ያን ጊዜ ከመንገዱ ዳር፣ አንድ ትልቅ የኩርኩራ ዛፍ ሥር፣ በአራት እንጨት ላይ የተጣለ ቆርቆሮ ነበር። ጋራዥ ልለው አፍሬ «ጥላዬ» እለው ነበር፤ ሰውም የእንድሪስ ጥላ ይለው ነበር። ከፊት ለፊት ካሴት ቤት አለ። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ያስደምጠን ነበርና የማላውቃትን የወሎ ልጅ ናፍቆት በቃሌ ይዤው ነበር። ወደ ደሴ የሚወጡት ተሳቢዎች ጎማቸውን ለማየት እዚያው ይቆማሉ፤ ሹፌሮቹ ከጣርማ በር ብርድ ወርደው የሚመጡ ስለሆነ ጃኬታቸውን እያወለቁ ነው ከመኪና የሚወርዱት። እኛ ቆለኞቹ በሽርጥና በነጠላ ጫማ ነን። እኔ ከሽርጤ በላይ አንድ የካኪ ኮት ነበረችኝ፤ ግራሶ ጠጥታ ጠጥታ ያለ ሰው ትቆም ነበር። ገበሬዎቹ የተበላሸ ሞተር በአህያ፣ አንዳንዴም በግመል ጭነው ይመጡ ነበር። ብረቱ በቀትር እጅ ስለሚፈጅ እጥበቱን በጠዋት እንጨርሳለን። ዛሬ ያ ኩርኩራ የለም፣ ባንክ ቆሞበታል። በባንኩ በር ሳልፍ እግሬ አሁንም ጥላ ይፈልጋል።

ና ላስተምርህ ብዬ የጠራሁት ሰው የለም። እኔንም የጠራኝ አልነበረም። አንዱ የአባቱን ሞተር ይዞ ይመጣል፣ እስኪሠራ ቁጭ ይላል፣ በማግስቱ ያለ ሞተር ይመጣል። ምን ፈለግህ አልለውም። ዕቃ ያጥባል፣ ካቻቢቴ ያቀብላል፣ ቀትር ላይ ከኛ ቤት ምሳ ይበላል። እንዲህ ሲል ዓመትም ሁለት ዓመትም ይሄዳል። አንድ ቀን ሞተር ገና ሳይፈታ «ጋሼ፣ ኩሽኔታው ነው የሚጮኸው» ይለኛል። ከፍቼ ሳየው እውነት ኩሽኔታው ከሆነ በቃ ጨርሷል ማለት ነው። መርቄ፣ ከመፍቻዎቼ አንዱን ሰጥቼ እሸኘዋለሁ። ወረቀት የለም፣ ፎቶ የለም። ጀውሃ የሄደ አለ፣ ካራቆሬ የሄደ አለ።

ታዲያ አንድ ቀን መምህር ታደሰ አንዲት ወጣት ሴት ይዞልኝ መጣ። መምህር ታደሰ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ በከተማችን የሙያ ማሠልጠኛ የውሃ ሞተር ጥገና የሚያስተምር ሰው ነው። ሙቀታችንን ሊለምድ አልቻለም፤ አንሶላውን በውሃ ነክሮ ነው የሚተኛው ተብሎ ይሳቅበት ነበር። ሴትዮዋ ሰብለ ትባላለች። ከትልቁ ከተማ፣ ከአንድ የጥናት ተቋም ነው የመጣችው። እኔ ጥናት ሲባል ተማሪ ለፈተና የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። መምህር ታደሰ አስረዳኝ። መንግሥት የትኛው ሙያ የት ይሰጥ ብሎ ከመወሰኑ በፊት እነዚህን ሰዎች ይልካል፤ እነሱ ዞረው ይጠይቃሉ፣ ያዩትን ይጽፋሉ፣ ውሳኔው የሚወጣው በዚያ ላይ ነው። አሁን የታሰበው ደግሞ ሰልጣኙ ግማሹን በማሠልጠኛው፣ ግማሹን እንደኔ ባለ ሰው ዘንድ እንዲማር ነው። እነሱ ያላዩት ነገር ላይኞቹ ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል አለኝ። ይህን ቃል ያን ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ ልብ አላልኩትም።

ሰብለ ጨዋ ልጅ ነች። ዱካዬ ላይ፣ ያቺ የእንጨት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ቦታው፣ ስለ መብራቱ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ስንት ሰው አስተምረዋል አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኳት። ሳቅ ብላ ቁጥሩን አለችኝ። አላህ ያውቀዋል አልኩ። በግምትም ቢሆን ይንገሩኝ፣ እዚህ ጋ ቁጥር ብቻ ነው የሚገባው ብላ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን ነች። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ጨነቀኝና «ማንም የለኝም» አልኩ። ጻፈችው። አመስግናኝም ሄደች።

ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ። በኛ አገር ልጅና ከብት አይቆጠርም። ስንት ልጅ አለህ የተባለ ሰው አላህ የሰጠኝ አሉ ይላል፤ ደጋ የወጣችሁ እንደሆነም ክርስቲያኑ ያው ነው፣ እግዜር ይመስገን ብሎ ያልፋል። የቆጠሩት ይጎድላል እንላለን። ያስተማርኩት ሰው ደግሞ ለኔ ከልጅ አይለይም። እኔ ብቻ አይደለሁም። ጎረቤቴ ጋሽ ነጋሽ፣ ከመንዝ ወርዶ ብየዳ የሚሠራው፣ ሰብለ ያንኑ ስትጠይቀው ልጄ፣ እኔ የበላሁትን እንጀራ ቆጥሬ የማላውቅ ሰው ነኝ አላት አሉ። በጀውሃም በካራቆሬም ያለው ባለሙያ ሁሉ አንድ ቃል የተማከረ ይመስል የለኝም፣ የለኝም ብሎ ሸኛት።

ወራት አለፉ። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ማሾ ተዘራ። አንድ ማክሰኞ ሁላችንም ወደ ማሠልጠኛው አዳራሽ ተጠራን። ሰብለ ተመልሳ መጥታለች። ጥናታቸውን ወደ ላይ ከመላካቸው በፊት ለተጠየቀው ሰው አንብበው፣ ልክ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁበት ሥርዓት አላቸው፤ እኔ ይህን ሥርዓት እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ከጥሩ ልብስ የሚቆጠረውን ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ። በየወንበሩ ለስላሳ መጠጥ ተሰጠን። ውጭ የኒም ዛፎቹ አይነቃነቁም፣ ጣራው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ ነፋስ የለውም፣ መምህር ታደሰ ፊቱን በመሐረብ ይጠርጋል።

እሷ ቀስ ብላ አነበበች። ገበሬው በሞተር ውሃ እንደሚኖር፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚበላሽ፣ ሁሉንም አሳምራ ጽፋዋለች። ከዚያ በከተማውና በዙሪያው ባሉ የጥገና ቤቶች ሙያ የሚያስተምር ሰው አልተገኘም የሚለው ጋ ደረሰች። ስለዚህ ሰልጣኙን የሚቀበል የሥራ ቦታ ስለሌለ የውሃ ሞተር ጥገና ትምህርት እዚህ ቀርቶ ዳገት ላይ ወዳለ ከተማ ቢዛወር የሚል ሐሳብ ቀርቧል አለች። ስህተት ካለ ተናገሩ ብላ ቀና አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ሁሴን ተቀምጧል፣ እኔ ያስተማርኩት። ከሱ ወዲያ ተስፋዬ፣ እኔ ያስተማርኩት። በበሩ በኩል የቆሙት ሁለቱ፣ ከኔ ቤት ምሳ ሲበሉ ያደጉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። በኋላ እንደገባኝ ጋሼ የለኝም ካለ እኛ እንዴት አለን እንላለን፣ ሙያ ያስተማረንን ጌታችንን በሰው ፊት ውሸታም እናድርገው ወይ ብለው ነው። እኔም የለስላሳውን ጠርሙስ ጨብጬ ወደ ፊት ዞርኩ። ጋሽ ነጋሽ ብቻ ወደኔ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ እንግዲህ ዳገቱ ላይ ሽንኩርት ሊበቅል ነው አለኝ፤ ማንም አልሳቀም፣ እሱም አልሳቀም።

ስንወጣ ሰብለ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከተማው ውስጥ እንዳለች፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ወደ ላይ እንደሚሄድ ተናገረች። መምህር ታደሰ በር ላይ ጠበቀኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ እንድሪስ፣ አንቱም አርጅተዋል፣ ጆሮዎም እየደከመ ነው፤ የኔ ተማሪዎች ወደ ደጋ ከሄዱ እዚህ ወንዝ ዳር የሚቀረው የተማረ ጆሮ የማን ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ ግራ ጆሮዬ መስማቱን መተው ጀምሮ ነበር።

ቤቴ ስደርስ የአሱር አዛን ሊባል ነው። የልጆቼ እናት ከበሩ ጥላ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች። ምሳ አቀረበችልኝ፣ አልበላሁም። ምን ሆኑ አለችኝ፣ ነገርኳት። ነገሩ ለሷ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ገና ወጣቶች ሳለን፣ ቤት ለቤት የሚመዘግብ ሰው መጥቶ ልጆችህ ስንት ናቸው ሲለኝ፣ እኔ የዋህ፣ ጣቴን እያጠፍኩ በስማቸው ቆጠርኩለት። አራተኛዋ ከድጃ ነበረች። በዚያው ጥቅምት ወባ ገባና ከድጃን ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ምንም ነገር አልተቆጠረም፤ የልጆቼ እናት ከዶሮዋ ሥር ያለውን እንቁላል እንኳ አትቆጥርም፣ በእጇ ዳብሳ ትተወዋለች። እኔም በቁጥሩ ምክንያት እንደሆነ አምን ነበር። ሁለታችንም አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

እሷ ማሾውን እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «ልጅቷን የወሰዳት ወባ ነው፤ ቁጥር አይደለም» አለችኝ።

ሰፌዱን ወዘወዘች፣ ጠጠሩን ለየች።

«አንዴ ቆጠሩ፣ እሱ አለፈ። በሕይወት ያሉትን ሰዎች የሉም ማለትስ ምን ይባላል? በቁማቸው እኮ ነው የቀበሯቸው። ነገ ይሄዱና ይመልሷቸዋል።»

እንዴት አድርጌ አልኳት። ብቻዎን አይሄዱም አለችኝና ምሳውን እንደገና ወደኔ ገፋችው።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት እኔና የልጆቼ እናት ሰብለ ወዳረፈችበት ሆቴል ሄድን። ሥራዋን ስለጨረሰች አንድ ቀን ቀደም ብላ ልትሄድ አስባ ኖሮ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ሻንጣ ይጭናል። መምህር ታደሰ ሊሸኛት መጥቶ ሻይ ይጠጣል። ትንሽ ብንዘገይ ባዶ መንገድ ነበር የምናገኘው። ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ አልኳት። አልገባትም። የለኝም ያልኩሽ አሉኝ፤ እንዳይጎድሉብኝ ነው የደበቅኳቸው ብዬ ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት። ፊቷ መጀመሪያ ተለወጠ። ወራት የለፋችበት ነው፣ አልፈርድባትም። ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም አለችኝ። ከዚያ በመኪናው ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቷን አውጥታ ያቺን ትንሽ ሳጥን ለብዙ ጊዜ አየቻት።

«የተሳሳተው መልስዎ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄያችንም ነው» አለች። ቀጥላም፣ ግን ጋሽ እንድሪስ፣ በቃልዎ ብቻ የተጻፈውን ልለውጥ አልችልም፣ ሙያችን አይፈቅድልኝም፤ ስማቸውንና ያሉበትን ይንገሩኝ፣ እኔ ሄጄ በዓይኔ ልያቸው አለችኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ሁሴን አልኩ፣ ካራቆሬ መናኸሪያው ጀርባ ነው። ተስፋዬ፣ እዚሁ ወንዝ ማዶ። መሐመድ፣ ጀውሃ ምግብ ቤቶቹን አልፈሽ። ሳላውቀው ጣቴን እያጠፍኩ ኖሯል። አራተኛው ጣቴ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስሙ አለ፣ ሰውየው ፊቴ ላይ ቆሞ ይታየኛል፣ ግን አልወጣም አለኝ። መምህር ታደሰ ውሃ ሊያመጣልኝ ተነሳ።

የልጆቼ እናት እጄን ያዘች። ሰው ፊት እጄን ይዛኝ አታውቅም። ጣቶቼን አንድ ላይ ጨብጣ በመዳፏ ሸፈነቻቸውና እሷ ቀጠለች። አሊ፣ ጨው የበዛበት የማይበላው፣ አሁን አጣዬ መንገድ ላይ ነው። ያ ግራኙ፣ እናቱ ከአርጎባ መንደር ፍየል ይዛልን የመጣችው፣ ስሙ ከሚል። ያ ዝምተኛው፣ ምሳ በልቶ ሳህኑን አጥቦ የሚሄደው፣ ገብሬ። ሁሉንም በምሳቸው ነው የምታውቃቸው፤ እኔ የረሳኋቸውን ሁሉ አመጣቻቸው። ሰብለ ትጽፋለች። ሲያልቅ የልጆቼ እናት «አላህ ይጠብቃቸው» ብላ እጄን ለቀቀችኝ። ሰብለ ወረቀቱን እስከ ግርጌው በዓይኗ ወረደች፣ ድምሩን አገኘችው መሰለኝ ትንሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ጮክ ብላ ግን አላነበበችውም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ሻንጣው ከመኪና ወረደ። ወደ አለቆቿ ደውላ ወረቀቱ ይቆይ አለች፤ እንዳለችውም ቆየ። በሚቀጥሉት ቀናት ከመምህር ታደሰ ጋር በየቦታው ዞረች፤ አሁን ግን ስንት አስተማርክ አትልም፣ ማን አስተማረህ ነው የምትለው። የኛ ሰው ልጁን አይቆጥርም እንጂ ጌታውን መጥራት ይወዳል። የጌታውን ስም ሳያነሳ ሞተር የማይከፍት አለ። ጀውሃ ላይ ሰው ከሥራው ተነስቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ነበር አሉ ስሜን የሚናገረው። የኔ ብቻ አይደለም፤ የጋሽ ነጋሽም፣ የሌሎቹም ስም እንዲሁ ወጣ። ጋሽ ነጋሽ ወሬውን ሲሰማ ሰብለ ተመልሳ ብትመጣ አሁን እንጀራውንም እቆጥርላታለሁ አለ።

ወረቀቱ ጣርማ በርን ቀስ ብሎ ወጣ፣ ከወጣበትም የባሰ ቀስ ብሎ ወረደ። ግን ወረደ። ትምህርቱ እዚሁ ሆነ፤ እንደኛ ያለው ሰው ሥራ ቦታም ሰልጣኝ ተቀባይ ተብሎ ተጻፈ። በየዓመቱ ቱታ የለበሱ ልጆች ጥላዬ ሥር ይመጡ ጀመር። እኔንም ማሠልጠኛው ድረስ ወስደው ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቆሙኝ። ጠመኔ ሰጡኝ፣ ኪሴ ከተትኩት፤ ሞተር አስነሱና ዓይናችሁን ጨፍኑ አልኳቸው። ሙያ የሚመዘንበትም መንገድ ተሻሽሎ፣ ጽሑፍ የማይችለው ባለሙያ በእጁ ሥራ እንዲመዘን ሆነ። እኔም በስተርጅና ተመዝኜ ወረቀት ተቀበልኩ፤ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። አሁን ከጥናት ተቋም ሰዎች ሲመጡ ወጣቶቹን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው እላለሁ፤ እነሱ የሚያዩት እኛ ያሳየናቸውን ያህል ነው።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሳ ሰብለን ያመሰግናል፣ መምህር ታደሰን ያመሰግናል፣ አንዳንዱም እኔን። ሁላችንም ስማችን በዚያ ጥናት መጨረሻ ላይ ተጽፏል፤ መምህር ታደሰ ገልጦ አሳይቶኛል። በዚያች ጠዋት እጄን የጨበጠችው ሰው ስም ግን የለበትም። ስሟን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም በኛ ወግ ሚስቴን በሰው ፊት በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ የልጆቼ እናት ነበር የምለው። አሁን አርጅተናል፣ ወጉም ይቅር ይለኛል። ስሟ ዘይነብ ይመር ነው።